ፈጥኖ ማንበብ፣ አንብቦ መረዳት



ለዛሬው ጽሑፍ መነሻ የሆነን ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ወርቅ ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቀን በመሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ በርቀት ትምህርት ትማራለች። ቀን የመዝገብና የደብዳቤ ክምር፣ ማታ የትምህርቱ ሞጁል ስለሚጠብቃት፣ ቶሎ ቶሎ የማንበብ ልማድ እንድታወጣ ጓደኞቿ መክረዋት ለጥቂት ወራት ስትለማመድ ቆይታለች። አሁን ገጹን በፊት ከምትጨርስበት ጊዜ በግማሹ ትጨርሰዋለች። ችግሩ፣ መጽሐፉን ከዘጋች በኋላ ስለ ምን እንዳነበበች ራሷን ስትጠይቅ መልስ ማጣቷ ነው።

እኅታችን ይህን እንደ ቀላል ነገር አልፋው እንደነበርና አንድ ቀን ግን እንደደነገጠች ትነግረናለች። አማቷ ታመው መድኃኒት ታዝዞላቸው ሲመጡ፣ አብሮ የተሰጣቸውን ወረቀት ያነበበችላቸው እሷ ነበረች። ቁርስ አቅርባ፣ ልጆች አልብሳ፣ ወደ ሥራ ልትወጣ በተጣደፈችበት ሰዓት ወረቀቱን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ «በባዶ ሆድ ይወሰዳል ይላል» ብላቸው ወጣች። አማቷ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ መድኃኒቱን ሲውጡ ሆዳቸውን አቃጠላቸው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ረጋ ብላ ስታየው የተጻፈው «በባዶ ሆድ አይወሰድም» የሚል ሆኖ አገኘችው። ደግነቱ ከዚያ የከፋ ነገር አልደረሰም። በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇም መጽሐፉን እንደ ውኃ እያወረደ ታሪኩን ሲጠየቅ ግን ዝም እንደሚል ገልጻ፣ ለሁለቱም መፍትሔ እንድንፈልግላት ጠይቃናለች።

የእኅታችን ስሕተት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። የብድር ውል ሳንጨርስ እንፈርማለን፤ የእድራችንን ደንብ አንብበናል ብለን በስብሰባ ላይ ከደንቡ የሌለ ነገር እንከራከራለን፤ በስልካችን የደረሰንን ወሬ ርእሱን ብቻ አይተን ለጎረቤት እናዳርሳለን። አባቶችና እናቶች «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ለእህል ብቻ አይደለም። ለንባብም ይሠራል።

ለመሆኑ ፈጥኖ ማንበብና አንብቦ መረዳት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ? መልሳችን ይችላሉ የሚል ነው። ነገር ግን መረዳት ፊት ፊት ስትሄድና ፍጥነት ስትከተላት ነው እንጂ፣ ፍጥነት ቀድማ መረዳትን የምትጎትታት ከሆነ ሁለቱም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ይህን በዝርዝር እንመልከተው።

የደብረ ወርቅ ንባብ ቤት

ይህ ጥያቄ ከደብረ ወርቅ መምጣቱ የሚያስገርም አይደለም። ደብረ ወርቅ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በደብረ ወርቅ ማርያም ስሟ የታወቀ የቆየች ከተማ ናት። እንደ ደብረ ኤልያስና እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ሁሉ የትምህርት አገር ናት። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ ቦታዎች የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት አንድ ልጅ ማንበብ የሚማረው በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ፊደሉን በስንጥር እያመለከተ ሀሁውን ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳውን ይለያል፤ ቀጥሎም ፊደለ ሐዋርያ ወደሚባለው ይሻገራል። ንባብ ሲጀምር መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየለየ ያነባል፤ ይህ ግዕዝ ይባላል። ከዚያ ፊደሎቹን በዜማ እያያያዘ የሚያነብበት ውርድ ንባብ ይመጣል። በመጨረሻም ሳይሰናከል፣ ያለ ዜማ፣ ቀጥ አድርጎ የሚያነብበት ቁም ንባብ አለ። ልጁ ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ለይቶ 150ውን የዳዊት መዝሙር ሲወጣ «ዳዊት ደገመ» ይባልለትና በቤተሰቡ ዘንድ ደስታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ዳዊት የደገመው ልጅ የሚያነበው በግዕዝ ቋንቋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የግዕዙን ትርጉም ገና አያውቀውም። አንደበቱ ፈጥኗል፤ ልቡ ግን ገና አልደረሰም። መምህራኑ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ንባብ ቤት ለብቻ፣ ቅኔ ቤት ለብቻ፣ ትርጓሜ የሚሰጥበት መጻሕፍት ቤት ለብቻ የሆነው፣ ፊደልን ፈጥኖ ማውጣትና ምሥጢርን መረዳት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ስለታወቀ ነው። በንባብ ቤት ገጹን በአፍታ ያወርድ የነበረው ተማሪ መጻሕፍት ቤት ሲገባ፣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ሰዓታት ተቀምጦ «አንድም እንዲህ ማለት ነው፣ አንድም እንዲህ» የሚለውን ሲያመላልስ ይውላል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ዓይንና አንደበት አስቀድመው ካልተፍታቱ አእምሮ በፊደሉ ላይ ሲደክም ምሥጢሩ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ንባብ ቤቱ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ አንደበት ስለተፍታታ ብቻ ተነበበ አይባልም። የእኅታችን ልጅ ገና ንባብ ቤት ነው ያለው ማለት ነው። የሚቀረው ወደ ትርጓሜው መሻገር ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በዚህ መንገድ የመሄድ ዕድሏ እጅግ የጠበበ እንደነበር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ እንኳ ሰብለ ወንጌል የምትማረው፣ የፊታውራሪ ልጅ በመሆኗ መምህሩ ቤቷ ድረስ መጥቶላት ነው። ፊታውራሪ አባት የሌላት የገበሬ ልጅ ግን እንጨት ለቀማና ውኃ ቀዳ ይጠብቃት ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው ከፊደል ገበታ ፊት ተቀመጡ፤ ትምህርቱም ከጊዜ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ይሁን እንጂ ፊደል ከለዩ በኋላ የሚያነቡት መጽሐፍ፣ ጋዜጣና ጊዜ ያጡ እናቶች የተማሩትን መልሰው ረሱት። ንባብ እንደ ምጣድ ነው፤ ካልተሟሸና ካልተጋገረበት ይጣበቃል።

ዓይን እንዴት ያነባል?

ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870ዎቹ ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ኤሚል ዣቫል ዓይን በንባብ ጊዜ እየዘለለና እየቆመ እንደሚሄድ ካመለከቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች እንዳረጋገጡት፣ ዓይን በአንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰከንድ ያህል ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይዘላል። ጥርት አድርጎ የሚያየውም ቆሞ ሳለ በአቅራቢያው ያሉትን ጥቂት ፊደላት ብቻ ነው። ገጹን በሙሉ በአንድ ዕይታ የሚውጥ ዓይን የለም።

እንግዲያው ፈጣን አንባቢና ዘገምተኛ አንባቢ በምን ይለያያሉ? በአብዛኛው ቃሉን በማወቅ ነው። የታወቀ ቃል ላይ ዓይን አጭር ጊዜ ይቆማል፤ ያልታወቀ ቃል ላይ ይቆያል፤ ግራ የገባው ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ ስለ ክትባት የተጻፈን ገጽ ከአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ፈጥና ታነበዋለች፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ የኦዲት ሪፖርቱን ከነርሷ ፈጥና ታነበዋለች። የነርሷ ዓይን በክትባቱ ገጽ ፈጥኖ በኦዲቱ ገጽ የሚዘገየው ተለውጦ አይደለም። ዕውቀቷ በአንደኛው ስለሚበዛ በሌላው ስለሚያንስ ነው።

በውጭው ዓለም ሰዎችን በደቂቃ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት እናስነብባለን የሚሉ ኮርሶች ከተስፋፉ ቆይተዋል። ከእነዚህ ዋነኛዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ትምህርት ቤቷን የከፈተችው አሜሪካዊቷ መምህርት ኤቭሊን ውድ ነበረች። በ2016 ግን ኪዝ ሬይነርና ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ መረዳት እንደሚቀንስና አቋራጭ መንገድ እንደሌለ ደምድመዋል። እነሱ የጠቆሙት መንገድ ቋንቋን ማዳበርና ብዙ ማንበብ ነው። በ2019 ማርክ ብሪስባርት የተባለው ቤልጅየማዊ ተመራማሪ 190 ጥናቶችን አገናዝቦ እንዳወጣው፣ አንድ አዋቂ ሰው እንግሊዝኛን ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃላት ያህል ነው የሚያነበው። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠረው ተስፋ ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ይቻላል።

አማርኛችን ምን ይጠይቃል?

ይህን 238 የሚል ቁጥር ግን ወደ አማርኛ አምጥተን ራሳችንን ልንለካበት አይገባም። «አልነገረችኝም» የምትለዋን አንዲት ቃል እንውሰድ። ያልነገረችው ማን እንደሆነች፣ ያልተነገረው ለማን እንደሆነ፣ ነገሩ እንዳልተፈጸመና ጊዜውም ያለፈ መሆኑን ሁሉ ያዘለች ናት። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት አምስት ቃላት ይፈልጋል። የአማርኛ ቃል የታጨቀ ስለሆነ በቃል ቁጥር ያነሰ አንባቢ በሐሳብ ላያንስ ይችላል።

አማርኛችን ሌሎችም ጠባዮች አሉት። ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው፣ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል በጽሑፍ አለመለየቱ ነው። «ገና ነው» የሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ብታገኙ፣ ጊዜው አልደረሰም ማለት ይሁን ወይም በዓሉ የገና በዓል ነው ማለት ይሁን ከፊደሉ አታውቁትም። «ዋና» የውኃ ዋናም ነው፣ ዋነኛም ነው። «ልጁ ይመታል» ቢል ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ የሚታወቀው ከፊትና ከኋላ ካለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ አማርኛን በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ መረዳት ግድ ነው። ሳይረዳ የሚሮጥ አንባቢ አጥብቆ ሊያነብ የሚገባውን አላልቶ፣ አላልቶ ሊያነብ የሚገባውን አጥብቆ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ አፍራሹ ምልክት በቃሉ ዳርና ዳር መደበቁ ነው። «ይወሰዳል» እና «አይወሰድም» በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከፊት አንድ «አ» መጨመሩ፣ ከኋላ «ዳል» በ«ድም» መተካቱ ነው። የቸኮለ ዓይን መካከሉን «ወሰድ» ብሎ ይይዝና ዳርና ዳሩን ይጥላል። እኅታችንን ያሳታት ይኸው ነው።

ሦስተኛው፣ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አራትና አምስት መስመር «ስለሆነ፣ በመሆኑና በተገለጸው መሠረት» እያለ ይጓዝና በመጨረሻዋ ቃል «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም» ይላል። ሐሳቡ ገብቶኛል ብሎ ከአራት ነጥቡ በፊት ወደ ሚቀጥለው መስመር የዘለለ አንባቢ ጉዳዩን እንጂ ውሳኔውን አላነበበም። እንግዲህ ለፈጣን አማርኛ አንባቢ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን፤ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለችውን ቃል አትዝለሉ።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ምክሮች ገንዘብ የማይጠይቁና በየቤታችን ልንሠራባቸው የምንችላቸው ናቸው።

1ኛ. ጥያቄ ይዞ መጀመር። ገበያ ስንሄድ ምን እንደምንገዛ አስበን እንደምንወጣ ሁሉ፣ ከማንበባችን በፊት ምን እንደምንፈልግ እናስብ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሆነ በመጀመሪያ «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን አንቀጽ እንይ፤ ከዚያ ወደ መካከሉ እንግባ። የትምህርት ሞጁል ከሆነ ርእሱንና ንዑስ ርእሶቹን፣ በምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የመልመጃ ጥያቄዎች አስቀድመን እናንብብ። ጥያቄ ይዞ የገባ አእምሮ መልሱን ሲያገኝ ያውቀዋል።

2ኛ. ለጽሑፉ ዓይነት የሚስማማውን ፍጥነት መምረጥ። የተነጠረ ቅቤና የሽሮ ወጥ በአንድ እሳት አይሠሩም። ማስታወቂያ፣ ዜናና የምናውቀው ጉዳይ ገረፍ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል። የትምህርት መጽሐፍ መካከለኛ ርምጃ ይፈልጋል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የብድርና የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያና የፈተና ጥያቄ ግን ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ፣ ቢቻል ድምፅ እያሰሙ ሊነበቡ ይገባል። ጎበዝ አንባቢ የምትባለው ሁልጊዜ የምትሮጠው ሳትሆን፣ የት እንደምትሮጥና የት እንደምትቆም የምታውቀው ናት።

3ኛ. በቃል ሳይሆን በሐረግ ማንበብ። «በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት — የተማሪ ወላጆች ሁሉ — ወደ ትምህርት ቤቱ — እንዲመጡ ተጠይቀዋል» ብለን ብንከፍለው አራት እፍኝ ይሆናል። ቃል በቃል ለቀማ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መጀመሪያውን ያስረሳል። ከመስመሩ በታች አንድ ቁራጭ ወረቀት አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ታች ማውረድም ዓይን መስመር እንዳይስት ይረዳል።

4ኛ. ከንፈርን ማሳረፍ። ቀላል ጽሑፍ ስናነብ ከንፈራችን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፍጥነታችን ከንግግራችን አያልፍም። ይሁን እንጂ በውስጣችን የሚሰማንን ድምፅ ጨርሶ ዝም ለማሰኘት አንታገል። ያ ድምፅ ለመረዳት ያግዛል፤ በተለይም የሚጠብቀውንና የሚላላውን የሚለየው እሱ ነው። እንዲሁም ያልገባን ዐረፍተ ነገር ሲገጥመን ወደ ኋላ መመለስ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይገባን መቀጠሉ ነው።

5ኛ. ቃላትን ማከማቸት። በሥራችንና በትምህርታችን ላይ ደጋግመው የሚመጡና የሚያስቆሙን ቃላት አሉ። በትንሽ ደብተር ላይ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ከነትርጉማቸው እንጻፍ። ዛሬ ያስቆመን ቃል በሚቀጥለው ወር አያስቆመንም። እውነተኛው ፍጥነት የሚመጣው በዚህ ነው።

6ኛ. ራስን መለካት። ከጋዜጣ አንድ ጽሑፍ መርጣችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ለሁለት ደቂቃ አንብቡና የደረሳችሁበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጋዜጣውን እጠፉት። ከዚያ ያነበባችሁትን በሦስት ዐረፍተ ነገር ለባለቤታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ወይም ለራሳችሁ ተናገሩ። መናገር ከቻላችሁ ያነበባችሁትን መስመር ቁጠሩና ጻፉት። መናገር ካልቻላችሁ መስመሩ መቶም ቢሆን አትቁጠሩት፤ ዜሮ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይህን ብታደርጉ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ደብተራችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

7ኛ. ዓይንና ብርሃንን መጠበቅ። ብዙ እናቶች «ንባብ ከበደኝ» የሚሉት ዓይናቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ወደ 40 ዓመት ገደማ ሲደርስ የቅርብ ዕይታ መዳከሙ በሁሉም ላይ የሚደርስ ነው። ወረቀቱን ከፊታችሁ እያራቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ዓይናችሁን ታዩ፤ መነጽር ማድረግ የእርጅና ማስታወቂያ አይደለም። በደብዛዛ ብርሃን፣ እንቅልፍ እየጣለን የምናነበው አንድ ሰዓት፣ ጠዋት በንቁ አእምሮ የምናነበውን 20 ደቂቃ አያህልም።

ስለ ልጆቻችን

አሁን ወደ እኅታችን ልጅ እንመለስ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የንባብ ምዘና በተደረገ ጊዜ፣ በርካታ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የቀረበላቸውን ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው ታይቶ ነበር። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት በብዙ ወረዳዎች ልጆች ከትምህርት ገበታ የራቁባቸው ጊዜያት ነበሩ። አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ የሚያጣው አንድ ክፍል ብቻ አይደለም። የጀመረው ንባብ ይደርቅበታል፤ ሲመለስም ሌላውን ትምህርት ሁሉ የሚማረው በማንበብ ስለሆነ ሁሉም ይከብደዋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ በቀን 15 ደቂቃ ከልጅ ጋር ማንበብ በዚህ ዘመን ቅንጦት አይደለም።

ልጁ ገና የሚንተባተብ ከሆነ አንድ አጭር አንቀጽ መርጣችሁ መጀመሪያ እናንተ አንብቡለት፤ ቀጥሎ አብራችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ብቻውን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያንብበው። በአራተኛው ጊዜ አንደበቱ እንደተፍታታ ራሱ ሲሰማው ደስ ይለዋል። አንድን አንቀጽ ደጋግሞ ማንበብ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ እንደ መሻገር ነው። ሲሳሳት ወዲያው አትቆጡት፤ ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠብቁት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ያርመዋል።

ልጁ እንደ እኅታችን ልጅ አንደበቱ የተፍታታ ከሆነ ግን ፍጥነቱን ማድነቅ እናቁም። «ስንት ገጽ አነበብህ?» ማለቱን ትተን «ማን ነው ይህን ያደረገው? ለምን አደረገው? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሃል?» እያልን እንጠይቀው። ጥያቄው እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያነብ መልሱን እየፈለገ ያነባል። በጥቂት ቀን መጀመሪያ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። አትደንግጡ፤ ማሰብ ጀምሯል ማለት ነው። ፍጥነቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ባዶ እጁን አይመጣም።

«እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም፤ ልጄን እንዴት ልረዳው?» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። እናንተ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ የተመቻችሁ ናችሁ። ያነበበው አባት ልጁ ሲሳሳት ከመጽሐፉ አይቶ ያርማል። ያላነበበች እናት ግን ታሪኩን የምታውቀው ልጁ ከነገራት ብቻ ነው። እንጀራ እየጋገራችሁ ወይም ጥጥ እየፈተላችሁ «እስቲ ያነበብኸውን ንገረኝ፤ አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ብትሉት፣ ልጁ ለእናቱ ለማስረዳት ሲል ራሱ ይረዳዋል። ደግሞም ከልጃችሁ ጋር ፊደሉን ለመጀመር ዛሬም ጊዜው አላለፈም።

ለደብረ ወርቋ እኅታችን የምንላት ይህን ነው። ያሳለፍሽው የጥቂት ወራት ልምምድ ከንቱ አልቀረም፤ ዓይንሽ ተፍታቷል። አሁን የሚቀርሽ ከየገጹ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ዘግተሽ «ምን አለኝ?» ብለሽ መጠየቅ ነው። ሞጁሉን በጥያቄ ጀምሪው፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከመጨረሻዋ ቃል አትለይው። የመድኃኒት ወረቀት በእጅሽ ሲገባ ግን፣ ሥራ ቢረፍድም፣ ተቀመጪና ለአማትሽ ጮክ ብለሽ ሁለት ጊዜ አንብቢላቸው። አንደኛው ላንቺ፣ ሁለተኛው ለእሳቸው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ የቤተሰብ ጉዳይ እስክንገናኝ መልካም የንባብ ሳምንት ይሁንላችሁ።